12 ቮልት አይነዝርም፣ ካምፕ ግን ያቃጥላል

ክረምቱ ሊገባ ነው፤ ትራክተሩም፣ በርሜሉም፣ ሰዉም ወደ እርሻ መጓዝ ጀምሯል። ዘንድሮ ከሽንፋ ከተማ ወጣ ብለው የሰሊጥ እርሻ ካምፕ የሚያቋቁሙ ብዙዎች ከጄኔሬተር ይልቅ ሶላርና ባትሪ ይዘው ነው የሚገቡት። በውስጥ መስመር የሚደርሰኝ ጥያቄ ግን ሁሌም «ስንት ዋት ፓነል ልግዛ?» ነው። ስለ ፊውዝ የሚጠይቀኝ ሰው የለም ማለት ይቻላል። ዛሬ በዋናነት የማወራው ስለ እሱ ነው።

ሰው 12 ቮልትን የሚንቀው በእጁ ነክቶት ስላልነዘረው ነው። እውነት ነው፣ አይነዝርም። ግን አንድ የ100 አምፒር-ሰዓት የአሲድ ባትሪ ፖዘቲቩና ኔጌቲቩ በብረት ቢገናኙ ለቅጽበት ከሺህ አምፒር በላይ ሊለቅ ይችላል። መፍቻ ባትሪ ላይ ወድቆበት ብረቱ ፍም ሲመስል ያየ መካኒክ ይህን አይጠይቀኝም። ከተማ ውስጥ ቆጣሪ ሥር ብሬከር አለ፤ ሽቦ ከሽቦ ሲነካካ «ጠቅ» ብሎ ይዘጋል። ባትሪ ላይ ግን እናንተ ካላስገባችሁለት በቀር የሚያስቆመው ነገር የለም፤ ሽቦው ቀልቶ እስኪበጠስ ድረስ ይሰጣል። የእኛ ጎጆ ደግሞ ግድግዳው ሽመል፣ ክዳኑ ሳር ነው። በጥቅምት ዙሪያውን የቆመው የደረቀ ሰሊጥ ነው።

ነገሩ የሚገባው በአንዲት ሒሳብ ነው፤ ዋቱን ለቮልቱ ማካፈል። 300 ዋት የሚስብ ዕቃ በ220 ቮልት ከ1 አምፒር ተኩል በታች ነው የሚፈልገው። ያው ዕቃ በኢንቨርተር በኩል ከ12 ቮልት ባትሪ ሲስብ 25 አምፒር ይሆናል፤ ኢንቨርተሩ ራሱ የሚበላው ሲታከል ወደ 30 ይጠጋል። ስለዚህ ለቤት መብራት የሚዘረጋውን ቀጭን ሽቦ ከባትሪ ወደ ኢንቨርተር መጠቀም ማለት ሽቦውን ምድጃ ማድረግ ነው። ለ300 ዋት ኢንቨርተር እኔ 10 ካሬ (ሚሊሜትር) የመዳብ ገመድ ነው የማስገባው፤ ርዝመቱም ከአንድ ሜትር ተኩል አይበልጥም። ኢንቨርተሩ ባትሪው አጠገብ ይሁን፣ ወደ ጎጆዎቹ የሚሄደው 220 ይርዘም። ግን 220 ይገድላልና የእሱ ገመድ መሬት ላይ አይጎተት።

በቀጥታ በ12 ቮልት አምፖል የምታበሩም ርቀቱን አስቡ። 10 ሜትር ርቆ የተቀመጠ 5 አምፒር የሚስብ ዕቃ በ1.5 ካሬ ሽቦ ሲደርሰው ከአንድ ቮልት በላይ መንገድ ላይ ይቀራል። «ባትሪው ደክሟል» ከምትሉት ውስጥ ብዙው ይህ ነው።

አሁን ወደ ፊውዙ። ቦታው ከባትሪው ፖዘቲቭ አንድ ስንዝር ርቀት ላይ ነው። ኢንቨርተሩ ጋ የተቀመጠ ፊውዝ ኢንቨርተሩን ይጠብቅ እንደሆነ እንጂ በመካከል ያለውን ገመድ አይጠብቅም፤ እሳት የሚነሳው ደግሞ እዚያው ገመድ ላይ ነው። መጠኑ የሚመረጠው በዕቃው ብቻ አይደለም፤ ገመዱ ሳይሞቅ ከሚሸከመው ማነስ አለበት። ከላይ ላልኩት 10 ካሬ 40 አምፒር ይበቃዋል። ለመብራቱ መስመር 10 አምፒር ለብቻው። ከፓነሉ የሚመጣውም በቻርጅ መቆጣጠሪያው (ኮንትሮለሩ) አልፎ ወደ ባትሪ ሲገባ የራሱ ይኑረው። የተቃጠለውን ፊውዝ በሲጋራ ፓኬት ብርማ ወረቀት ወይም በሽቦ ቁራጭ የሚተካ ሰው ካምፑ ውስጥ ካለ መለዋወጫ ፊውዝ ገዝታችሁ አስቀምጡለት፤ ከምክር ይልቅ ይሠራል።

መጋጠሚያዎች ላይ ትንሽ ልቆይ። ሽቦ ከሽቦ ጠምዝዞ በፌስታል መጠቅለል የተለመደ ነው። ከውጭ ሲታይ ምንም አይልም። ግን ኢንቨርተሩን ጭነት ሰጥታችሁ ግማሽ ሰዓት ጠብቁና የእጃችሁን ጀርባ አስጠጉለት፤ ከቀረው ገመድ ተለይቶ የሚሞቅ ከሆነ መጋጠሚያው ላልቷል። ፌስታሉ መጀመሪያ ይለሰልሳል፣ ከዚያ ይንጠባጠባል። በባትሪው ራስ ላይ የሚወጣው ነጭ አረንጓዴ ዱቄትም እንደዚሁ ያሞቃል፤ ገመዱን ነቅላችሁ፣ በሙቅ ውሃ አጥባችሁ፣ አድርቃችሁ መልሳችሁ እሰሩት። አይጥም አትርሱ። ሰሊጥ ያለበት ቤት አይጥ አይጠፋም፣ ሽቦም ትበላለች፤ ገመዱን በፕላስቲክ ቱቦ ውስጥ አሳልፉት።

ውጭ አገር በመኪና የሚጎተት የመዝናኛ ቤት አላቸው፤ ባትሪና ፓነሉ ውስጡ ተገጥሞ ይመጣል። የእኛው የሚጎተት ቤት የትራክተር ተሳቢ ነው። ከማሳ ወደ ማሳ እንዲዞር ባትሪውን ተሳቢ ላይ ለምትጭኑ፣ ችግሩ መንቀጥቀጡ ነው። ብሎኑ ይላላል፣ ገመዱ ከብረት ጠርዝ ጋር እየተፋተገ ይላጣል። ኔጌቲቩን ከተሳቢው ብረት ጋር ካገናኛችሁት ደግሞ የተላጠ ፖዘቲቭ የትም ቦታ ብረት ቢነካ ያው መፍቻ እንደወደቀበት ነው። ለኔጌቲቩም የራሱን ገመድ ዘርጉለት፤ ገመዱ በሚያልፍበት የብረት ቀዳዳ ላይ ጎማ አልብሱ፤ ባትሪውን በቀበቶ እሰሩት።

ባትሪው የት ይቀመጥ? ከሰው መኝታ ውጭ፣ ጥላ ሥር፣ ከመሬት ከፍ ብሎ። የአሲድ ባትሪ ቻርጅ ሲያደርግ ሃይድሮጅን ጋዝ ይለቃል፤ ጋዙ ቀላል ስለሆነ ወደ ላይ ነው የሚሄደው። ስለዚህ ሳጥኑ ከላይ መተንፈሻ ይኑረው። ብዙ ካምፕ ላይ ግን የቤንዚን ጀሪካኑም፣ የአረም መድኃኒቱም፣ ባትሪውም አንድ ጎጆ ውስጥ ናቸው፤ በሚቆለፈው ጎጆ። ቤንዚኑን ዛሬውኑ አውጡልኝ።

ሙቀቱስ? መጋቢትና ሚያዝያ ላይ የቆላው ሙቀት ከ40 ዲግሪ ያልፋል፤ በቆርቆሮ ቤት ውስጥ ደግሞ ከዚያም ይብሳል። የአሲድ ባትሪ ከ25 ዲግሪ በላይ በየ10 ዲግሪው ዕድሜው በግማሽ ገደማ ይቀንሳል። ነጋዴው «አምስት ዓመት» ያላችሁ ባትሪ ሁለት ክረምት ሳይደፍን ቢሞት ሁልጊዜ ውሸት አይደለም፣ የእኛ አየር ነው።

ሊቲየም የምትጠይቁኝ አላችሁ። ለካምፕ የሚሻለው ሊቲየም አይረን ፎስፌት የሚባለው ነው፤ ከስልክ ባትሪው ዓይነት ይልቅ በሙቀት ረገድ የተረጋጋ ነው። እሱም ቢሆን አብዛኛው ከ45 ዲግሪ በላይ ቻርጅ እንዲደረግ አይፈቀድለትም፤ ኮንትሮለሩም የሊቲየም ምርጫ ያለው መሆን አለበት።

የባትሪውንና የፓነሉን መጠን በአጭሩ፦ 4 ባለ 5 ዋት አምፖል ለ5 ሰዓት፣ 10 ስልክ፣ አንዲት 30 ዋት ቴሌቪዥን ለ3 ሰዓት ቢደመር 310 ዋት-ሰዓት አካባቢ ነው። የአሲድ ባትሪ ከግማሽ በላይ አይውረድ፤ የነሐሴ ደመናም አለ። ስለዚህ 100 አምፒር-ሰዓት ባትሪና 150 ዋት ፓነል ይበቃል። የትራክተሩን ባትሪ ነቅላችሁ ለዚህ አትጠቀሙበት፤ እሱ የተሠራው ሞተር ለማስነሳት እንጂ ሌሊቱን ሙሉ ለመስጠት አይደለም። ምጣድና የውሃ ማፍያ አታምጡ።

ስታገናኙ መጀመሪያ ባትሪውን ከኮንትሮለሩ፣ ቀጥሎ ፓነሉን። ስትነቅሉ በተቃራኒው። በጠራራ ፀሐይ ፓነሉ እንደተያያዘ ባትሪውን ከነቀላችሁ ኮንትሮለሩ ሊቃጠል ይችላል። አጨዳው አልቆ ካምፑ ሲበተን የአሲዱን ባትሪ ሞልታችሁ፣ ገመዱን ነቅላችሁ አስቀምጡ፤ በወር በወሩ ለኩት፣ ከ12.4 ቮልት ከወረደ መልሳችሁ ሙሉት። ሊቲየሙን ግማሽ ላይ ተዉት።

ሥራችሁን እንዳየው ፎቶ የምትልኩልኝ፣ የፓነሉን ሳይሆን የባትሪውን ፖዘቲቭና ፊውዙን አንድ ላይ አንስታችሁ ላኩልኝ።