«ግማሹን ስጡኝ» ሲሉን

በዚህ እትማችን ብዙዎቻችን በቴሌቪዥን ያየነውን አንድ ዓይነት ፕሮግራም እናነሳለን። ትንሽ ነጋዴ ሀብታሞች ፊት ይቆምና ሥራውን አስረድቶ ገንዘብ ይጠይቃል። እነሱም በጥያቄ ያፋጥጡታል። ከተስማሙ ገንዘብ ሰጥተው ከንግዱ ላይ ድርሻ ይወስዳሉ።

ይህ ነገር የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ2001 በጃፓን ነው። በ2005 እንግሊዞች፣ በ2009 ደግሞ አሜሪካኖች የየራሳቸውን አዘጋጁ። እዚህ ኬንያም በ2016 «ላየንስ ዴን» ማለትም «የአንበሶች ጉድጓድ» የሚባለው ተጀመረ።

ከሁሉም የሌቪ ሩትስ ታሪክ ለእኛ ይቀርባል። ጃማይካ ተወልዶ በልጅነቱ እንግሊዝ አገር የገባ ሰው ነው። የሚያቃጥል ስጎ እየሠራ ለንደን ውስጥ በኖቲንግ ሂል ካርኒቫል ይሸጥ ነበር። በ2007 ጊታሩን ይዞ እየዘፈነ ባለሀብቶቹ ፊት ቀረበ። ሰውዬውን ወደዱት። ቁጥር ላይ ሲደርሱ ግን ተደናገረ። የ2,500 ኪሎ ትእዛዝ ይዞ «ሁለት ሚሊዮን ተኩል ሊትር» ብሎ ተናገረ። የጠየቀው 50,000 ፓውንድ ሲሆን ሊሰጥ ያሰበው ድርሻ 20 በመቶ ነበር። ገንዘቡን አገኘ፤ የሰጠው ግን 40 በመቶ ሆነ።

ልዩነቱ ምንድነው? 50,000 ለ20 በመቶ ከሆነ ንግዱ በሙሉ 250,000 ያወጣል ማለት ነው። ለ40 በመቶ ከሆነ ግን ዋጋው 125,000 ብቻ ነው። ሆኖም ሌቪ ሩትስ አልከሰረም። ባለሀብቶቹ ገበያውን ያውቁት ስለነበር ስጎው ብዙም ሳይቆይ ሴንስበሪ በሚባሉት ትልልቅ መደብሮች መሸጥ ጀመረ።

ታዲያ ይሄ እኛን ምን አገባን? ያገባናል። እኛም ጋ «ገንዘብ ልስጥሽና እኩል እንሁን» የሚል ዘመድ ወይም ነጋዴ አይጠፋም። አንዲት እናት በቀን 60 እንጀራ እየጋገረች አንዱን በ30 ሽልንግ ትሸጣለች እንበል። 1,800 ታገኛለች። ለዱቄት፣ ለከሰልና ለውኃ 1,400 ብታወጣ 400 ይተርፋታል። በወር 26 ቀን ከሠራች 10,400 ይሆናል። ሁለተኛ ምጣድና የዱቄት መግዣ 20,000 ፈለገች። አንዱ መጣና «እሰጥሻለሁ፣ ግማሹ የእኔ ይሁን» አላት። ትርፉ ምንም ባይጨምር እንኳ የሱ ድርሻ በወር 5,200 ነው። በአራት ወር 20,800 ወሰደ፤ ገንዘቡን መለሰ ማለት ነው። በአምስተኛውም ወር፣ በሚቀጥለውም ዓመት ግን ግማሹን መውሰዱን አያቆምም። ያንኑ ብር ያለ ወለድ ተበድራ በወር 2,000 ብትከፍል በአሥር ወር ትገላገል ነበር። በሬ ሆይ ሳሩን አየህና ገደሉን ሳታይ የሚባለው እዚህ ላይ ነው።

ድርሻ መስጠት ክፉ ነው ማለታችን አይደለም። ብድር መጥፎ ቀን ቢመጣም ይከፈላል፤ ባለድርሻ ግን ኪሳራውንም አብሮ ይካፈላል። ስለዚህ ሰውየው የሚያመጣው ብር ብቻ ከሆነ ብድር ወይም ዕቁብ ይሻላል። ገበያ፣ መኪና ወይም እኛ የሌለንን የንግድ ፈቃድ ይዞ ከመጣ ደግሞ ስለ ድርሻ መነጋገር ይቻላል።

«አይሆንም» መባልም የዓለም መጨረሻ አይደለም። ጄሚ ሲሚኖፍ የተባለው አሜሪካዊ በ2013 ካሜራ ያለው የበር ደወል ይዞ ቀርቦ ባዶ እጁን ወጣ። በ2018 አማዞን ያንኑ ድርጅት በብዙ ገንዘብ ገዛው።

በቴሌቪዥኑም ቢሆን በእጅ መጨባበጥ ብቻ አያልቅም። በኋላ ሂሳቡ ይመረመራል፣ ውል ይጻፋል፣ አንዳንዱም ይፈርሳል። እኛም ዘመድ ነው ብለን ዝም አንበል። ስንት እንደተሰጠ፣ ድርሻው ስንት እንደሆነ፣ እስከ መቼ እንደሚቆይና መለያየት ቢመጣ ምን እንደሚደረግ በወረቀት ጽፈን ሁለት ምስክር እናስፈርም። ከዚያ በፊት ግን የአንድ ወር ወጪና ገቢያችንን በደብተር እንያዝ። ቁጥሩን የማያውቅ ሰው ዋጋውን ሌላ ይቆርጥለታል።

በሽርክና ሠርታችሁ ያያችሁት ነገር ካለ ለዝግጅት ክፍላችን አካፍሉን።