ከዕድር ጎላ ድስት እስከ ኬክ ኦቨን

ቦምቦሊኖና ፓስቲ በከተሞቻችን መንገድ ዳር የበዙት ሰው ስለሚወዳቸው ብቻ አይደለም፤ ኦቨን ስለማይጠይቁም ነው። ሊጡ ይቦካል፣ ኩፍ እስኪል ይጠበቃል፣ ከሰል ላይ በተጣደ ዘይት ይጠበሳል፣ ስኳር ይነሰነስበታል፤ አለቀ። ኬክ፣ ፓስቲኒና ባቅላባ ግን እንዲህ አይሆኑም። የኬክ ሊጥ 180 ዲግሪ አካባቢ በሆነ እኩል ሙቀት ከላይም ከታችም ተከቦ መብሰል አለበት፤ መሃሉ ሳይጠና የኦቨኑ በር ከተከፈተ ይሰምጣል። ክሬሙ ማቀዝቀዣ ይፈልጋል። እንቁላልና ስኳር በእጅ መምታት ለአንድ ትሪ ይቻላል፤ ለአሥር ትሪ ግን ክንድ ይዝላል። በጉራጌ ከተሞች፣ በወልቂጤ ወይም በቡታጅራ፣ በጣፋጭ ሥራ የተሠማራች ሴት ከመጥበሻው ወደ ኦቨኑ ለመሻገር ስትነሣ የሚያቆማት የሙያ ማነስ ነው ብሎ መደምደም ስህተት ይመስለኛል። ዱቄት በኪሎ፣ ዘይት በሊትር፣ እንቁላል በፍሬ ይገዛል፤ ኦቨን ግን በግማሽ አይሸጥም። የጋራ ማዕድ ቤት የሚባለው ተቋም የተፈጠረው ይህን የማይከፋፈል ዕቃ ለመከፋፈል ነው።

በግማሽ የማይገዛው ደግሞ ኦቨኑ ብቻ አይደለም። አንድ የኤሌክትሪክ የእንጀራ ምጣድ ብቻውን ከ3 እስከ 4 ኪሎዋት ይወስዳል። ትሪ የሚደራረብበት የዳቦ ቤት ኦቨን ከዚያ በብዙ ስለሚበልጥ በተራ የቤት ቆጣሪ አይሠራም፤ ስሪ ፌዝ መስመር ማስገባት ግድ ይሆናል። በኪራይ ቤት ለሚኖር ሰው ይህን የሚፈቅድ አከራይ ማግኘት ቀላል አይደለም። ውሃም አለ፤ የወልቂጤ ነዋሪ በውሃ እጥረት ለዓመታት ሲቸገር ኖሯል፣ ያለ ሮቶ የምግብ ሥራ አይታሰብም። ከዚያ የብቃት ማረጋገጫው ይመጣል። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112 ምግብ አምርቶ ለገበያ ማቅረብን ከንጽሕናና ከደኅንነት መስፈርት ጋር ያያይዘዋል፤ አንዲት ጠባብ ክፍል መኝታም ኩሽናም ሆና ይህን መስፈርት ታሟላለች ብሎ መጠበቅ አይቻልም። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በአጭር ጊዜ ውስጥ ከ100 ብር አልፏል፤ ከውጭ የሚገባው ኦቨንና ሚክሰርም ከጀማሪዋ አቅም ይበልጥ ራቀ። የሚያንገበግበው ደግሞ ይህ ሁሉ ወጪ የሚወጣበት ዕቃ በቀን ሁለት ወይም ሦስት ሰዓት ሠርቶ የቀረውን ጊዜ ቀዝቅዞ መዋሉ ነው።

የጋራ ማዕድ ቤት ለችግረኞች ምሳ ከሚያቀርቡት የምገባ ማዕከላት የተለየ ነው። እዚህ የሚታደለው ምግብ ሳይሆን ሰዓት ነው። አንድ ግቢ ውስጥ ኦቨን፣ ሊጥ ማቡኪያ፣ ማቀዝቀዣ፣ የእጅና የዕቃ መታጠቢያ፣ ጄኔሬተርና ሮቶ ይሟላሉ። ተጠቃሚዋ የራሷን ዱቄት፣ እንቁላልና ቅቤ ይዛ ትመጣለች፣ ለተመደበላት ሰዓት ትከፍላለች፣ ጠረጴዛውን አጥባ ታስረክባለች። የምትቆልፈው መደርደሪያ ይኖራታል፣ የንግድ አድራሻዋም እዚያው ይሆናል። ሳን ፍራንሲስኮ ውስጥ በ2005 እ.ኤ.አ. የተመሠረተው ላ ኮሲና የዚህ ዓይነት ማዕድ ቤት ነው፤ በአብዛኛው ስደተኛ ሴቶች በዝቅተኛ ክፍያ ይጠቀሙበታል፣ ሒሳብና የንግድ ሕግ ይማሩበታል፣ ሲጠነክሩም የራሳቸውን ቤት ከፍተው ይወጣሉ። በአገራችን ለዚህ ቅርብ የሆነው ምሳሌ እንጀራ ላይ ነው፤ አዲስ አበባ ለሚ ኩራ ክፍለ ከተማ የተሠራው የለሚ እንጀራ ማምረቻ ብዙ ሴቶች በአንድ ጣሪያ ሥር የሚጋግሩበት ነው። የኮንዶሚኒየም ነዋሪም በየግቢው ባለው ኮሙናል በግ ያርዳል፣ የድግስ ወጥ ይሠራል፣ እንጀራ ይጋግራል።

ሐሳቡ ከውጭ የመጣ ነው የሚል ካለ የዕድርን ዕቃ ቤት ከፍቶ ቢያይ ይበቃዋል። ድንኳኑ፣ አግዳሚ ወንበሩ፣ በመቶ የሚቆጠረው ሳህን፣ ሁለት ሰው ካልተሸከመው የማይነሣው ጎላ ድስት እዚያ አለ። አንድ ቤተሰብ በዓመት አንዴ ለሚያስፈልገው ድስት ገንዘቡን አያስርም፤ ሁሉም አዋጥቶ ይገዛል፣ የተቸገረው ይወስዳል፣ አጥቦ ይመልሳል፣ ያበላሸ ይቀጣል። ዕድርና ዕቁብ በከተማ መስፋፋታቸውን ከጉራጌ ተወላጆች ጋር የሚያያይዙ ጥናቶች አሉ። ማኅበረሰቡ በዚህ መንገድ የገዛው ድስት ብቻም አይደለም፤ በ1950ዎቹ ዓ.ም. አዲስ አበባ የነበሩ የጉራጌ ተወላጆች ተደራጅተው ገንዘብ በማዋጣት ወደ ትውልድ ቦታቸው የሚወስድ መንገድ አሠርተዋል። መንገድ ደግሞ ከኦቨን በላይ በግማሽ የማይገዛ ነገር ነው።

በዚህ ሐሳብ ላይ የሚነሣው ከባዱ ተቃውሞ የሼዱ ነው። በጥቃቅንና አነስተኛ መርሐ ግብር መንግሥት ለተደራጁ ሰዎች በየከተማው ሼድ ሲያቀርብ ቆይቷል፤ የታሰበውም ለተወሰኑ ዓመታት ሠርተው፣ አድገው፣ ለሚቀጥለው እንዲለቁ ነበር። ብዙ ቦታ የሆነው ግን የገባው አልወጣም፣ አንዳንዱም ለሦስተኛ ወገን አከራየው፤ ውጭ የቀረው ጀማሪ በር ላይ ቆመ። የጋራ ማዕድ ቤቱስ ለምን እንደዚያ አይሆንም? ካልተጠነቀቁ ይሆናል። ልዩነቱ የሚመጣው ከሚሰጠው ነገር ነው። ሼድ ግድግዳና ቁልፍ ይሰጣል፤ ቁልፍ የያዘ ሰው ደግሞ ቤቱን እንደ ርስት መቁጠሩ አይቀርም። ዕድር ግን ድስት ያውሳል እንጂ ድስት አይሰጥም፤ ዕቃው በተመዘገበበት ቀን ካልተመለሰ የዕቃ ቤቱ ኃላፊ ይጠይቃል፣ ዳኛው ይቀጣል፣ ጎረቤትም ያውቃል። ስለዚህ ማዕድ ቤቱ የሚቆመውም የሚወድቀውም በአስተዳደሩ ነው። ሰዓቱ በየወሩ እንደገና ይደለደል፣ ቋሚ ቦታ ለማንም አይሰጥ፣ ድልድሉን የሚሠሩት ተጠቃሚዎቹ ራሳቸው የመረጧቸው ሰዎች ይሁኑ። የከተማው አስተዳደር ቦታውንና መስመሩን ቢሰጥ መልካም ነው፤ መዝገቡን ግን ባይዘው ይሻላል።

ገዢውስ ከየት ይመጣል የሚል ጥያቄም ተገቢ ነው። ወልቂጤ ከአዲስ አበባ 158 ኪሎ ሜትር ርቃ በጅማ መንገድ ላይ ያለች የጉራጌ ዞን መቀመጫ ናት፤ በ2004 ዓ.ም. ማስተማር የጀመረው ወልቂጤ ዩኒቨርሲቲም እዚያው ጉብሬ ነው፣ ምርቃትና ልደት አለው። ቡታጅራ በሆሳዕና መንገድ ላይ ያለች የንግድ ከተማ ስትሆን፣ ማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ከተመሠረተ ወዲህ የምሥራቅ ጉራጌ ዞን መቀመጫ ሆናለች። ለመስቀልና ለአረፋ ከየአገሩ የሚገባው ሰው ብዛት የታወቀ ነው። በክሬም የተሸፈነ ቶርታ ከአዲስ አበባ ለሰዓታት በመኪና ሲናጥ መጥቶ እንደ ወጣ አይደርስም፤ እዚያው የሚጋገረው በዚህ ብቻ እንኳ ይበልጣል። ሌላም ነገር አለ። በድግስ ላይ ሥጋው የክርስቲያንና የሙስሊም ተብሎ በየድስቱ ይለያል። ኬክ ውስጥ ግን እርድ የለም፤ ጀላቲን እንዳይገባበት ከተጠነቀቁ አንዱ ትሪ ለሁለቱም በዓል ይወጣል። ጾሙ ነው ብልሃት የሚጠይቀው። ዐቢይ ጾም ብቻውን 55 ቀን ነው፣ ረቡዕና ዓርብ ሲጨመር እንቁላልና ቅቤ የማይነኩበት ጊዜ ይረዝማል። በዘይት የሚሠራ የጾም ኬክ መልስ ይሆናል፤ ነገር ግን ጿሚው የሚያምነው የፍስኩና የጾሙ መምቻ፣ ትሪና ብሩሽ ተለይቶ ሲቀመጥ ነው። በጠባብ ቤት ሁለት ሁለት ዕቃ መያዝ አይቻልም፤ በጋራ ማዕድ ቤት ይቻላል።

አገሩ የሚያፈራውም አለ። ሴቶች ተሰብስበው እንሰት ሲፍቁ ከሚጨመቀው ውሃ ሥር የሚረጋው ነጭ ደቃቅ፣ ቡላ፣ ስታርች ነው፤ ግሉተን የለውም። ዛሬ የምናውቀው በገንፎ ቢሆንም ክሬም ለማወፈርም ሆነ ለደረቅ ፓስቲኒ መሞከር ይገባዋል። ድፎ ዳቦስ ቢሆን በእንሰት ኮባ ተጠቅልሎ፣ እሳት ከላይና ከታች ተደርጎለት የሚበስል አይደለም? እንዲህ ያለውን ሙከራ ብቻዋን የምትሠራ ሴት አትደፍረውም፤ አንድ ትሪ ከተበላሸ የቀኗ ትርፍ ሄደ። ጠረጴዛ የሚጋሩ አራት ሰዎች ግን ኪሳራውን ይካፈሉታል።

እዚህ ላይ የሙያ ምስጢር ይሰረቃል የሚል ስጋት ይነሣል። ስጋቱን አልንቀውም። ነገር ግን የኬክ አሠራር ዛሬ ከስልክ ላይ የሚታይ ሆኗል፤ ደንበኛን የሚያስመልሰው እጅ፣ ትኩስነትና ቃል ማክበር ነው። ጎን ለጎን የሚሸጡ ነጋዴዎች ያሉበት ገበያ እንደሚደምቅ ነጋዴው ራሱ ያውቃል። ከዚህ ይልቅ የሚያስጨንቀኝ የስኳር ነገር ነው። የስኳር በሽታ በከተሞቻችን እየተስፋፋ ባለበት ጊዜ ጣፋጭ ይብዛ ማለት ቀላል ንግግር አይደለም። ጣፋጩ ግን ማዕድ ቤት ባይኖርም ይሸጣል፤ የሚሸጠውም ደጋግሞ በተቃጠለ ዘይት ተጠብሶ ነው። ኦቨን ያለው፣ ተቆጣጣሪ ሊገባበት የሚችል ቦታ ዘይቱን ለመቀነስና የስኳሩን ልክ ለመመዘን ዕድል ይሰጣል።

ዓላማው ሰውን እዚያ ማስቀረት አይደለም። በሰዓት ስትከፍል ሒሳቧን የያዘች ሴት ምን ያህል ኦቨን እንደሚያስፈልጋት በቁጥር ታውቃለች። ወደ ኦሞ ባንክ ስትሄድም ሆነ ማሽን በኪራይ ግዥ ከሚሰጡ የካፒታል ዕቃ ፋይናንስ ድርጅቶች ፊት ስትቀርብ የምታሳየው መዝገብ አላት፤ የጎደለውን የዕቁብ ዕጣ ይሞላዋል። ለመጀመር ደግሞ አዲስ ሕንፃ መጠበቅ አያስፈልግም። የራሳቸው አዳራሽና ዕቃ ቤት ያላቸው ዕድሮች አሉ፤ ቤቱ ለቅሶና ስብሰባ ከሌለ ተዘግቶ ይውላል። ስሪ ፌዝ መስመር፣ አንድ ሮቶ፣ አንድ ኦቨንና የሚታጠብ ጠረጴዛ ይግቡበት፤ ጎላ ድስቱ ሲወጣና ሲገባ የሚመዘገብበት ደብተር ላይ ለኦቨኑ ሰዓት አንድ መስመር ይጨመር።