የአባቴ ኦሜጋ እና የ700 ዶላሩ ጥያቄ

ባለፈው ክረምት ልጄ ከአሜሪካ ደወለና «እማዬ፣ የአያቴን ሰዓት በሰው ላኪልኝ፤ እዚህ ሰርቪስ አስደርጌ እንደ አዲስ አድርጌ እመልስልሻለሁ» አለኝ። ስንት ያስወጣል ብዬ ጠየቅሁት። ትንሽ ዝም አለና «700 ዶላር ገደማ» አለ። ስልኩን ጆሮዬ ላይ እንደያዝሁ ቀረሁ። እኔ ጡረታ የወጣሁ ነርስ ነኝ። የአንድ አሮጌ ሰዓት ማሳጠቢያ ከስንት ወር ጡረታዬ ጋር እንደሚስተካከል ለማስላት ወረቀትና እስክርቢቶ አላስፈለገኝም።

ሰዓቱ በእጅ የሚሞላ ኦሜጋ ነው። አባቴ ድሬሰር ነበሩ። በ1950 ዓ.ም. ለሥራ አዲስ አበባ በሄዱ ጊዜ ያጠራቀሙትን ደመወዝ ይዘው ፒያሳ ከሚገኝ ሱቅ ገዙት። እናቴ «በዚያ ገንዘብ ሁለት በሬ ይገዛ ነበር» እያለች እስክታርፍ ድረስ ታነሳባቸው ነበር። እኔ በነርስነት ስመረቅ ከእጃቸው ፈትተው ሰጡኝ። «ሰከንድ ቆጣሪ የሌላት ነርስ ምን ትሠራለች?» ነው ያሉኝ፤ ሌላ ምርቃት አልነበረውም።

እውነታቸውን ነው። መቲ ተመድቤ ስመጣ የነበረን መሣሪያ ቴርሞሜትር፣ የደም ግፊት መለኪያ፣ የፅንስ ልብ ማዳመጫና የእጄ ሰዓት ነበር። በተለይ ሕፃን ሲያስልና ሲያተኩስ ከሰዓቱ የበለጠ ረዳት አልነበረኝም። ወላጆችና አያቶች ይህን እቤታችሁ ልታውቁት ስለሚገባ ልንገራችሁ። ሕፃኑ ተረጋግቶ ሳያለቅስ ልብሱን ገልጣችሁ የደረቱን ከፍ ዝቅ ማለት አንድ ሙሉ ደቂቃ ቁጠሩ። ከሁለት ወር በታች ያለ ሕፃን 60 እና ከዚያ በላይ፣ ከሁለት ወር እስከ አንድ ዓመት ያለው 50 እና ከዚያ በላይ፣ ከአንድ እስከ አምስት ዓመት ያለው ደግሞ 40 እና ከዚያ በላይ ከተነፈሰ ነገሩ ተራ ጉንፋን ላይሆን ይችላልና ሳትውሉ ሳታድሩ ወደ ጤና ተቋም ውሰዱት። ግማሽ ደቂቃ ቆጥሮ በሁለት ማባዛት ያሳስታል፤ የሕፃን ትንፋሽ አንዴ ይፈጥናል፣ አንዴ ይዘገያል።

ሰዓቱን ከእጄ ያወለቅሁትም በዚሁ ምክንያት ነው። አንድ ሌሊት የሳንባ ምች የያዘው የሚመስል የስምንት ወር ሕፃን አምጥተው ስቆጥር 71 ደረስሁ። ደግሜ ስቆጥር 54 ሆነ። ግራ ገባኝ። በፋኖሱ ብርሃን አስተውዬ ሳይ ሰከንድ ቆጣሪው ቁጥር ስምንት ላይ ሲደርስ ይቆምና መልሶ ይነሳል። የእኔ አንድ ደቂቃ ከሌላው ሰው አንድ ደቂቃ ይረዝም ነበር ማለት ነው። የጥበቃውን ባለ ባትሪ ሰዓት ተውሼ ቆጠርሁና ሕክምናውን ጀመርን። ልጁ ተሻለው። ከዚያ ሌሊት በፊት ሰዓቱ ስንት ጊዜ እንዲህ አድርጎኝ እንደሆነ ግን እስከ ዛሬ ያሳስበኛል። በማግስቱ በጨርቅ ጠቅልዬ ሣጥን ውስጥ አስቀመጥሁትና በ300 ብር ባለ ባትሪ ሰዓት ገዛሁ።

ጥፋቱ የሰዓቱ አልነበረም፤ የእኔ ነበር። እንዲህ ዓይነት ሰዓት ባትሪ የለውም። ውስጡ የተጠቀለለ ሞላ አለ። ስንሞላው ይጠብቃል፣ ከዚያ ቀስ እያለ ሲፈታ ጥርሳጥርሶቹን ይገፋል፤ ወዲያና ወዲህ የምትመላለስ አንዲት ትንሽ ተሽከርካሪ ደግሞ ጉልበቱ በአንዴ እንዳያልቅ ትመጥነዋለች። በድሮዎቹ ሰዓቶች ያቺ ተሽከርካሪ በሰዓት 18,000 ጊዜ ትመታለች። በቀን 432,000 ማለት ነው። በደቂቃ 70 ጊዜ የሚመታ የሰው ልብ በቀን የሚመታው 100,800 ጊዜ ነው። ከልብ ከአራት እጥፍ በላይ የሚሠራ ነገር፣ ከጤፍ ፍሬ በምታንስ ጠብታ ዘይት ላይ ተደግፎ። ዘይቱ በዓመታት ይደርቃል፣ ይወፍራል፣ ከብረት ብናኝ ጋር ተቀላቅሎ እንደ አሸዋ ይፍቃል። አምራቾቹ በየአምስት ወይም በየአሥር ዓመቱ ይፈታ፣ ይታጠብ፣ ዘይቱ ይቀየር የሚሉት ለዚህ ነው። የአባቴ ሰዓት በእኔ እጅ ከአርባ ዓመት በላይ ሲቆይ አንድ ጊዜ ብቻ ተከፍቷል፤ እሱም ባልተከፈተ ይሻል ነበር፤ እመለስበታለሁ።

የመቲ አየር ደግሞ አያግዝም። አካባቢያችንን የምታውቁ ታውቁታላችሁ፤ በ2009 ዓ.ም. ዩኔስኮ የመዘገበው የመዠንግር ደን የሚሰጠን ዝናብ ለቡናውና ለማሩ በረከት ነው፤ ግድግዳ ላይ የተሰቀለ ቀበቶ ግን በሁለት ሳምንት ይሻግታል። የሰዓቱ ጎሚኒ ሲደርቅ እርጥበቱ ሰተት ብሎ ይገባል።

ታዲያ 700 ዶላሩ ከየት መጣ? ልጄ እንዳስረዳኝ የሚከፈለው በአብዛኛው ለሰው እጅ ነው። ከመቶ በላይ ጥቃቅን ክፍሎች አንድ በአንድ ይፈታሉ፣ ይታጠባሉ፣ ያረጀው ይለወጣል፤ በየቦታው የተለያየ ዘይት ተቀብቶ መልሶ ይገጠማል፣ ከዚያም አካሄዱ ለቀናት ይታያል። መለዋወጫውም እንደልብ አይገኝም፤ ትልልቆቹ የስዊዝ አምራቾች ብዙውን ጊዜ የሚሸጡት ራሳቸው ላረጋገጧቸው ጥገና ቤቶች ነው። ይህን ስሰማ ዋጋው ያን ያህል አላስገረመኝም። እኛስ ቀዶ ሕክምና ስንከፍል የምንከፍለው ለምላጩ ነው?

ያስገረመኝ በብር ሲመታ ነው። እስከ ሐምሌ 2016 ዓ.ም. ድረስ አንድ ዶላር በባንክ 57 ብር ገደማ ነበርና 700 ዶላር 40,000 ብር አይሞላም ነበር። የምንዛሪው ገበያ ከተለቀቀ በኋላ ግን ዓመት ሳይሞላ ዶላሩ ከ120 ብር አለፈ። ያው ሰዓት፣ ያው ዘይት፣ ያው እጅ ከ84,000 ብር በላይ ሆነ ማለት ነው።

ወሬው ቤት ውስጥ ሲሰማ ሴት ልጄ ተቆጣች። «በዚህ ብር እኮ የልጄ የኮሌጅ ክፍያ ይሸፈናል። ወንድሜ ለሞተ ሰዓት ያለው ገንዘብ ለእህቱ ልጅ የለውም?» አለች። ባሏ በበኩሉ ሰዓቱ ይሸጥ ባይ ነው። የአፄ ኃይለ ሥላሴ የእጅ ሰዓት በሚሊዮን ዶላር ተሸጠ ሲባል ሰምቶ ኖሯል። ወሬው ሐሰት አይደለም። ንጉሠ ነገሥቱ እ.ኤ.አ. በ1954 ስዊዘርላንድን ሲጎበኙ እንደተሰጣቸው የሚነገርለት ፓቴክ ፊሊፕ እ.ኤ.አ. በ2017 ጄኔቫ ላይ ክሪስቲስ በተባለው አጫራች ከ2.5 ሚሊዮን ዶላር በላይ አውጥቷል። ነገር ግን ያ የወርቅ ሰዓት ነው፤ ቀኑን፣ ወሩንና የጨረቃዋን መጠን ጭምር የሚያሳይ፣ በቁጥር ጥቂት የተሠራ፣ ባለቤቱም ንጉሥ። የአባቴ ኦሜጋ ብረት ነው፤ ባለቤቱም ቁስል ሲያጥቡ የኖሩ ድሬሰር። አማቼን «አንተ ልጅ፣ ለእሱ ተስፋ ብድር እንዳትገባ» አልሁት።

በጥቅምት ለዓይኔ ምርመራ አዲስ አበባ ስሄድ ሰዓቱን በቦርሳዬ ይዤ ሄድሁ። የድሮዎቹ ሰዓት ሠሪዎች ፒያሳ ነበሩ፤ በ2016 ዓ.ም. ያ ሰፈር ሲፈርስ ብዙዎቹ ተበታትነዋል። እኔ ያገኘኋቸው መርካቶ ውስጥ ከአንድ ደረጃ ሥር በመስታወት ሣጥን ጀርባ የሚቀመጡ፣ ከእኔ በዕድሜ የሚበልጡ ሰው ናቸው። ማጉያቸውን ዓይናቸው ላይ ሰክተው ጀርባውን ከፈቱና ረዘም ላለ ጊዜ ዝም አሉ።

«ሲስተር፣ ይህን ማን ነካው?»

ከብዙ ዓመት በፊት በሌላ ከተማ አንድ ጠጋኝ ዘንድ አሳይቼው እንደነበር ነገርኋቸው። ያ ሰው ሰዓቱን ሳይፈታ ዘይት አፍስሶበት፣ የአንዷን ቡሎን ራስ ፍቆ፣ የራሷ ባልሆነች ቡሎን አንዱን ክፍል አስሮት ኖሯል። የከፈልሁት ትንሽ ብር ነበር፤ ርካሽ አገኘሁ ብዬ ተደስቼም ነበር። ሰውየው በመርፌ ጫፍ እያመለከቱ ዝገቱን አሳዩኝ። አንዲት ዘንግ ተሰብራለች። ሞላው ግን ደህና ነው።

ቀጥለው የጠየቁኝ ጥያቄ ልጄም እኔም ያላሰብነው ነበር። «ሊያደርጉት ነው ወይስ ሊያስቀምጡት?» በየቀኑ የሚደረግ ከሆነ ሙሉ እድሳትና አዲስ ጎሚኒ ያስፈልገዋል፤ በየጥቂት ዓመቱም ይመለሳል። ለማስታወሻ የሚቀመጥ ከሆነ ግን ዝገቱን አጥቦ አድርቆ መተው ይበቃዋል፣ ወጪውም የዚያ ሩብ አይሆንም። እየሄደ ማየት እፈልጋለሁ አልኋቸው። ለሙሉው 6,500 ብር ጠየቁኝ። ዘንጓን ከሌላ ከሞተ ኦሜጋ እንደሚያወጡ፣ አዲስ እንዳልሆነች፣ ዋስትናም ከስድስት ወር በላይ እንደማይሰጡ ሳልጠይቃቸው ነገሩኝ። አሮጌውን ክፍል እንዲመልሱልኝ ጠየቅሁ፤ «ድሮም የእርስዎ ነው» አሉ።

የሰዓቱ ፊት ቢጫ ስለሆነ እንዲቀባልኝም ጠይቄ ነበር። እምቢ አሉኝ። አንደኛ፣ ፊቱ የተቀባ የድሮ ሰዓት በሰብሳቢዎች ዘንድ ዋጋው ይወርዳል። ሁለተኛውን ምክንያት እኔ ራሴ ቀድሜ ማሰብ ነበረብኝ። በዚያ ዘመን በጨለማ እንዲያበሩ ቁጥሮቹ ላይ የሚቀባው ነጥብ ብዙውን ጊዜ ራዲየም ነበረበት። እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ አሜሪካ ውስጥ ይህን ቀለም የሚቀቡ ወጣት ሴቶች ብሩሹን በከንፈራቸው እያሾሉ ሲሠሩ መንጋጋቸው በስብሶ፣ አጥንታቸው ተጎድቶ ብዙዎች ሞተዋል። ነጥቦቹ ዛሬ አያበሩም፤ የጠፋው ግን የሚያበራው ቅመም እንጂ ራዲየሙ አይደለም። ራዲየም በግማሽ ለመቀነስ 1,600 ዓመት ይፈልጋል። መስታወቱ ደህና ሆኖ ሲዘጋ ዋናው ሥጋት፣ ማለትም አቧራውን መዋጥ ወይም መተንፈስ፣ አይኖርም። ሲከፈትና ሲፋቅ ነው ጣጣው። እኔ ሰዓቱን ለልጅ ልጄ መጫወቻ ሰጥቼው አውቃለሁ። በምስማር ሊከፍተው ሲታገል አይቼም ስቄ ነበር። እናንተም በየሣጥናችሁ ከ1960ዎቹ በፊት የተገዛ፣ ነጥቡ ወደ ቡናማ የዞረ ሰዓት ካለ ልጆች እንዳይነኩት አድርጉ፤ በራሳችሁም እንዳትከፍቱት።

ሰዓቱን ከሁለት ሳምንት በኋላ ተረከብሁ። በቀን አራት ደቂቃ ያህል ወደ ኋላ ይቀራል። ሰውየው ሊያስተካክሉት እንደሚችሉ ነገሩኝ፤ ግን ሌላ ሳምንት መቆየት ነበረብኝ፣ የመቲ መንገድ ደግሞ ረጅም ነው። ጠዋት ጠዋት በሬዲዮ ዜና አስተካክለዋለሁ። አሁንም እንደ አባቴ በእኛ ሰዓት አቆጣጠር ነው የምሞላው፤ ንጋት አሥራ ሁለት ላይ።

ለልጄ ደወልሁና እየሠራ መሆኑን በስልኩ አስደመጥሁት። ደስ ይለዋል ብዬ ነበር። ዝም አለ። በኋላ «ታዲያ አሁን አትልኪውም ማለት ነው?» አለኝ። ይህ ልጅ በአሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ነው ከአገር የወጣው፤ አያቱ ሲያርፉ ወረቀት ስላልነበረው ለቀብር አልመጣም። እስከዚያች ቀን ድረስ የምንከራከረው ስለ ጥገና ዋጋ ይመስለኝ ነበር። ለካ እሱ 700 ዶላሩን የሚከፍለው ሰዓቱ እንዲሄድ ብቻ አልነበረም።

እህቱ ግን አሁንም ስለ ኮሌጁ ክፍያ ታነሳለች፤ እሷም ትክክል ናት። ለጥምቀት ወደ አሜሪካ የሚመለስ የጎረቤት ልጅ አለ፤ «የሚላክ ካለ» ብሎኛል። ሰዓቱ ይህን ስጽፍ እጄ ላይ ነው።