በ12 ዓመቱ ከቤት የወጣው ልጅ

ልጃችሁ 12 ዓመት ሞልቶታል እንበል። ሣጥኑን ይዞ ወደ መርከብ እንዲገባ፣ ሁለት ዓመት በዚያ እንዲማርና ከዚያም ወደ ሩቅ ባሕር እንዲሄድ ትፈቅዳላችሁ? በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጨረሻ ልጆቻቸውን ለባሕር ኃይል መኮንንነት ያጩ የእንግሊዝ ወላጆች ይህን ያደርጉ ነበር። ለቤተሰቡም ክብር ነበር።

ትምህርት ቤት የሆነችው መርከብ

“ብሪታኒያ” የተባለችው የማሠልጠኛ መርከብ በ1863 (እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር) በደቡብ ምዕራብ እንግሊዝ፣ በዳርትመዝ ከተማ አጠገብ በዳርት ወንዝ ላይ መልሕቋን ጣለች። ቦታ ሲጠብ “ሂንዶስታን” የተባለች ሌላ አሮጌ መርከብ መጥታ በድልድይ ተያያዙ።

ዕጩ መኮንኖቹ የሚተኙት በተንጠለጠለ የሸራ አልጋ ላይ ነው። ዕቃቸው ሁሉ የሚቀመጠው በአንድ ሣጥን ውስጥ ነው። ሒሳብና ፈረንሳይኛ ይማራሉ። በፀሐይና በከዋክብት መርከብ ያለበትን ቦታ ማወቅን፣ ገመድ መቋጠርን፣ ጀልባ መቅዘፍንም ይለማመዳሉ።

ሥልጠናው ፍሬ አልነበረውም ማለት አይቻልም። በኋላ በደቡብ ዋልታ ጉዞው ስሙ የታወቀው ሮበርት ስኮት በ1881 በ13 ዓመቱ ገብቶ፣ በ1883 ከ26 ተማሪዎች ሰባተኛ ሆኖ ጨረሰ። አባቱ ሀብቱን ከስሮ በ1897 ሲሞት፣ ስኮት ከመኮንንነት ደመወዙ እየቆጠበ እናቱን ይረዳ ነበር።

የንጉሥ የልጅ ልጅም አልተረፈም

በ1877 ሁለት የንግሥት ቪክቶሪያ የልጅ ልጆች፣ አልበርት ቪክተርና ጆርጅ፣ ወደዚህች መርከብ ገቡ። ጆርጅ ገና 12 ዓመቱ ነበር። የግል አስተማሪያቸው አብሯቸው ቢሆንም ከጉልበተኞች አላዳናቸውም። ጆርጅ በስተርጅና እንደተናገረው፣ አካሉ ትንሽ ስለነበር ትልልቆቹ ልጆች ከእርሱ ከሚበልጡት ጋር እንዲደባደብ ይገፋፉት ነበር። ከየብስ ሱቅ የተከለከለ ምግብ በድብቅ እንዲያመጣላቸውም ይልኩታል። ሲያዝ የሚቀጣው እርሱ ነው፤ ገንዘቡም የእርሱ ነበር፣ መልሰው አልከፈሉትም። ይህን ከብዙ አሥርተ ዓመታት በኋላም አልረሳውም።

በዚያ ሁሉ ጊዜ ከቤት ጋር ያገናኘው ደብዳቤ ነበር። እናቱ አሌክሳንድራ ፍቅር የሞላባቸው ደብዳቤዎች ትጽፍለት ነበር፤ እርሱም አድጎ ትልቅ ሰው ከሆነ በኋላም ለእርሷ መጻፉን አልተወም።

መርከቡ ወደ ቤት ሲገባ

ጆርጅ በ1910 ነገሠ። ልጆቹንም በዚያው መንገድ መራቸው፤ ኤድዋርድ በ1907 በ12 ዓመቱ፣ አልበርት በ1909 በ13 ዓመቱ ኦዝቦርን ወደሚገኘው የባሕር ኃይል ኮሌጅ ገቡ። ጆርጅ ልጆቹን ይወድ ነበር፤ ነገር ግን ሰዓትን፣ አለባበስንና ታዛዥነትን እንደ መርከብ አዛዥ ይቈጣጠር ነበር። ኤድዋርድ በ1951 ባሳተመው የሕይወት ታሪኩ የአባቱን ጥብቅነት አንሥቷል።

ታዲያ ይህ ለእኛ ምን ይጠቅመናል? ዛሬም ልጆቻችን ለትምህርት ብለው ከዘመድ ቤት ይቀመጣሉ፣ አዳሪ ትምህርት ቤት ይገባሉ፣ ወደ ውጭ አገር ይሄዳሉ። አንዳንዴ አማራጭ የለም፤ መላኩም ጥፋት አይደለም። ነገር ግን ባልና ሚስት ልጁን ከመላካቸው በፊት እነዚህን ጥያቄዎች ተቀምጠው ቢነጋገሩባቸው መልካም ነው፦ ልጃችን ቢጎዳ ለማን ይናገራል? በየስንት ጊዜ ድምፁን እንሰማለን? “ደህና ነኝ” ሲለን በምን እናውቃለን? ስንገናኝስ የምንጠይቀው ስለ ውጤቱ ብቻ ነው?

ትምህርት ቤት ሥርዓትና ሙያ ሊያስተምር ይችላል። የአባትና የእናት ጆሮን ግን ሊተካ አይችልም። ስለዚህ ልጃችሁ ሩቅ ካለ ዛሬ ማታ ደውሉለት፤ ስለ ፈተናው ከመጠየቃችሁም በፊት ከማን ጋር እንደሚውል፣ ማን እንደሚያስቸግረው ጠይቁት።