ትራክተሩ መጎተቱ ብቻ አይበቃም፤ ተሳቢን ከትራክተር አቅም ጋር እንዴት ማመጣጠን ይቻላል?

ባሕር ዳር፦ ኅዳር 11/2012 ዓ.ም የመኸር ሰብል መሰብሰቢያ ወቅት ሲደርስ የትራክተር ሥራ ከማሳ ወደ መንገድ ይሸጋገራል። ማረሻው ይፈታና በምትኩ ተሳቢ ይያያዛል። ከአውድማ ወደ ጎተራ፣ ከጎተራ ወደ ገበያ እህል ይጓጓዝበታል፤ በጋው ሲገፋ ደግሞ ያው ትራክተር አሸዋ፣ ድንጋይና ውኃ ያመላልሳል። በብድር ወይም በካፒታል ዕቃ ሊዝ ትራክተር ለገዙ ወጣቶችና ማኅበራት ይህ የማጓጓዝ ገቢ ዕዳ መክፈያም ጭምር ነው።

ታዲያ ተሳቢ ሲገዛ ወይም በብየዳ ቤት ሲሠራ አስቀድሞ የሚነሳው ጥያቄ “ይህ ትራክተር ስንት ኩንታል ይጎትታል?” የሚለው ነው። መልሱም አብዛኛውን ጊዜ ከሞተሩ የፈረስ ጉልበት ይፈለጋል። ይሁን እንጂ የጭነቱን ልክ የሚወስነው ዋናው ነገር ሞተሩ አይደለም። ትራክተሩ የጎተተውን ጭነት ቁልቁለት ላይ ይዞ ማቆም መቻሉ ነው።

የፈረስ ጉልበት የማይነግረን ነገር

የፈረስ ጉልበት ሞተሩ በተወሰነ ጊዜ ውስጥ ምን ያህል ሥራ እንደሚሠራ ይነግረናል። መሬቱን የሚነካው ግን ጎማው ነው። በመሆኑም የመጎተት ኃይል በሚነዱት ጎማዎች ላይ ባረፈው ክብደትና ጎማው መሬቱን ቆንጥጦ በሚይዝበት መጠን ይወሰናል።

ለአብነት ባለ 80 የፈረስ ጉልበት፣ በኋላ ጎማዎቹ ብቻ የሚነዳ፣ ከነክብደት መጨመሪያ ብረቱ 4 ቶን የሚመዝን ትራክተር እንውሰድ። ከዚህ ውስጥ 2 ነጥብ 5 ቶኑ በኋላ ጎማዎች ላይ ያረፈ ይሁን። በደረቅና በጠነከረ የአፈር መንገድ ላይ ጎማዎቹ ሳይንሸራተቱ ሊሰጡ የሚችሉት ኃይል በላያቸው ካረፈው ክብደት ግማሽ ያህል ነው፤ ይህም 1 ሺህ 250 ኪሎ ግራም ይሆናል።

ከኋላው ባዶውን 1 ነጥብ 5 ቶን የሚመዝን ተሳቢ 50 ኩንታል ተጭኖበት ተያይዟል እንበል። የተሳቢው ጠቅላላ ክብደት 6 ነጥብ 5 ቶን፣ ከትራክተሩ ጋር ደግሞ 10 ነጥብ 5 ቶን ይደርሳል። በእንዲህ ዓይነት መንገድ ጎማ እንዲንከባለል ብቻ ከጠቅላላው ክብደት 4 በመቶ የሚሆን ኃይል ያስፈልጋል። ይህ 420 ኪሎ ግራም ነው። ስለዚህ በሜዳ ላይ ትራክተሩ ያለ ችግር ይሄዳል፤ ባለንብረቱም “ይችላል” ብሎ ይደመድማል።

በየ100 ሜትሩ 10 ሜትር ከፍ የሚል ዳገት ላይ ሲደርስ ግን የጠቅላላው ክብደት 10 በመቶ፣ ማለትም 1 ሺህ 50 ኪሎ ግራም ይጨመራል። የሚያስፈልገው ኃይል 1 ሺህ 470 ኪሎ ግራም ሲሆን፣ ጎማዎቹ የሚሰጡት 1 ሺህ 250 ብቻ ነው። ይህን ዳገት በሰዓት 10 ኪሎ ሜትር ለመውጣት የሚጠይቀው ወደ 54 የፈረስ ጉልበት ገደማ ስለሆነ ሞተሩ አቅሙ አለው። ጎማው ግን ይሽከረከራል። ዝናብ በነካው ዋልካ አፈር ላይ ችግሩ ይብሳል፤ ጎማው የሚይዘው ይቀንሳል፣ ለመንከባለል የሚጠይቀው ኃይል ደግሞ ይጨምራል።

ዳገት ያስጠነቅቃል፤ ቁልቁለት አያስጠነቅቅም

ዳገት ላይ አቅም ሲያንስ ጎማው ይሽከረከራል፣ ሞተሩ ያጓራል፤ ሾፌሩም ወዲያው ያውቃል። ቁልቁለት ላይ ግን ምልክቱ የሚታየው ጊዜው ካለፈ በኋላ ነው። በብየዳ ቤት የሚሠሩ ብዙ ተሳቢዎች የራሳቸው ፍሬን የላቸውም። ስለዚህ 10 ነጥብ 5 ቶኑን ሁሉ የሚያቆሙት 2 ነጥብ 5 ቶን ብቻ ያረፈባቸው የትራክተሩ የኋላ ጎማዎች ናቸው።

ከላይ የተጠቀሱትን ቁጥሮች ይዘን በሰዓት 20 ኪሎ ሜትር የሚጓዝን ትራክተር የማቆሚያ ርቀት በቀላል ስሌት እንይ። ትራክተሩ ብቻውን በሜዳ ላይ ፍሬን ከተያዘ በኋላ በ4 ሜትር ተኩል ገደማ ይቆማል። 50 ኩንታል የጫነውን ተሳቢ እየጎተተ በሜዳ ላይ 10 ሜትር ይፈልጋል። ያንኑ ጭነት ይዞ ከላይ ባየነው መጠን በሚያዘቀዝቅ መንገድ ላይ ግን 27 ሜትር ያህል ይሄዳል። ፍጥነቱ በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር ከሆነ ደግሞ ርቀቱ ወደ 60 ሜትር ይደርሳል። ሾፌሩ አደጋውን አይቶ ፍሬን እስኪረግጥ የሚያልፈው ጊዜ በዚህ ውስጥ አልተቆጠረም።

ሌላው አደጋ መታጠፍ ነው። ቁልቁለት ላይ ትራክተሩ ሲይዝ ተሳቢው ከኋላ ይገፋዋል። ትራክተሩ ቀጥ ባለ መስመር ላይ ካልሆነ ግፊቱ በጎን ያርፍና ሁለቱ እንደ ሰንጢ ይታጠፋሉ። እዚህ ደረጃ ላይ ሲደርስ መሪ ማዞርም ሆነ ፍሬን አጥብቆ መርገጥ የሚፈይደው እምብዛም ነው።

ልኩ ስንት ነው?

የታወቁ ትራክተር አምራቾች በመመሪያ መጽሐፎቻቸው የሚሰጡት ምክር ግልጽ ነው። የራሱ ፍሬን የሌለው ተሳቢ ከ1 ነጥብ 5 ቶን በላይ ከሆነ፣ ከነጭነቱ ከትራክተሩ ክብደት 1 ነጥብ 5 እጥፍ መብለጥ የለበትም፤ ፍጥነቱም በሰዓት ከ32 ኪሎ ሜትር በታች መሆን አለበት። ፍሬን ላለው ተሳቢ ግን እስከ 4 ነጥብ 5 እጥፍ የሚፈቅዱ አሉ። ይህ የመጨረሻው ጣሪያ ሲሆን፣ ተዳፋትና የሚያንሸራትት መንገድ ላይ ጭነቱም ፍጥነቱም ከዚህ መቀነስ ይኖርበታል።

በምሳሌያችን 4 ቶን የሚመዝነው ትራክተር ያለ ፍሬን ሊጎትት የሚገባው እስከ 6 ቶን ነው። የተሳቢው ባዶ ክብደት 1 ነጥብ 5 ቶን ሲቀነስ ለጭነት የሚቀረው 4 ነጥብ 5 ቶን ወይም 45 ኩንታል ይሆናል። ተሳቢው “ባለ 50 ኩንታል” ተብሎ ቢሸጥም ለዚህ ትራክተር ባለ 45 ነው ማለት ነው። ተሳቢው ላይ የተጻፈው ቁጥር የሚናገረው ስለ ተሳቢው ጥንካሬ እንጂ ስለሚጎትተው ትራክተር አይደለም። ከሁለቱ ቁጥሮች መከበር ያለበት ዝቅተኛው ነው።

ደንቡ ለፒክአፕ መኪናም ይሠራል። ለአብነት በአውሮፓ ገበያ የሚሸጠው ባለ ሁለት ጋቢና፣ በአራቱም ጎማ የሚነዳ የናፍጣ ቶዮታ ሃይሉክስ ፍሬን ያለው ተሳቢ ሲሆን እስከ 3 ሺህ 500 ኪሎ ግራም፣ ፍሬን የሌለው ሲሆን ግን 750 ኪሎ ግራም ብቻ እንዲጎትት ይፈቀድለታል። ሞተሩ ያው ነው፤ ልዩነቱን የፈጠረው ፍሬኑ ነው።

ተሳቢው ሞላ ማለት ተመጣጠነ ማለት አይደለም

በኩንታል የተከፈለ እህል ክብደቱ ይታወቃል። አደናጋሪው በዓይን እየታየ የሚጫነው ነው። ውስጡ 4 ሜትር ርዝመት፣ 2 ሜትር ስፋትና ግማሽ ሜትር ከፍታ ያለው ተሳቢ 4 ሜትር ኩብ ይይዛል። እስከ አፉ ስንዴ ቢሞላ 31 ኩንታል ገደማ ነው። በደረቅ አሸዋ ቢሞላ ግን 64 ኩንታል ይሆናል። ለምሳሌው ትራክተር የተቀመጠውን 45 ኩንታል ላለማለፍ አሸዋው 35 ሳንቲ ሜትር ላይ መቆም አለበት፤ እርጥብ አሸዋ ከሆነ ደግሞ ከ30 ሳንቲ ሜትር በታች። በተሳቢው የውስጥ ግድግዳ ላይ ይህን ልክ በቀለም ማስመር ብዙ ወጪ የማይጠይቅ መፍትሔ ነው።

ጭድና ገለባ በተቃራኒው ቀላል ናቸው። ነገር ግን ከፍ ተደርገው ስለሚቆለሉ በጎን ያዘነበለ መንገድ ላይ ለመገልበጥ ያጋልጣሉ።

አያያዙ

ተሳቢ መያያዝ ያለበት ከትራክተሩ በታች በኩል ለመጎተት ተብሎ በተሠራው መጎተቻ ላይ ብቻ ነው። ከኋላው አክስል ከፍ ባለ ቦታ ላይ ከታሰረ ዳገት ላይ የትራክተሩ አፍንጫ ይነሳና ትራክተሩ ወደ ኋላ ሾፌሩ ላይ ሊገለበጥ ይችላል። ጭነት ከተያያዘ በኋላም ከትራክተሩ ክብደት ቢያንስ አንድ አምስተኛው በፊት ጎማዎች ላይ መቅረት አለበት፤ አለበለዚያ መሪው አይታዘዝም።

ባለ አንድ አክስል ተሳቢ ላይ ጭነቱ ከአክስሉ ጥቂት ወደ ፊት እንዲያመዝን ይደረጋል። ወደ ኋላ ካመዘነ መጎተቻውን ወደ ላይ ያነሳና የትራክተሩን የኋላ ጎማዎች ያቀልላቸዋል። የማያያዣው ፒን መቆለፊያ ሊኖረው፣ ፒኑ ቢወጣ ተሳቢው ተነጥሎ እንዳይሄድም የመጠባበቂያ ሰንሰለት ሊታሰር ይገባል።

ጉዞ ከመጀመሩ በፊትና በጉዞ ላይ

ትራክተር የግራና የቀኝ ጎማን ለየብቻ የሚይዙ ሁለት የፍሬን ፔዳሎች አሉት። ማሳ ውስጥ ለመዞር የሚጠቅሙት እነዚህ ፔዳሎች መንገድ ላይ ከመውጣት በፊት በማገናኛቸው መያያዝ አለባቸው። አንዱ ብቻ ከተረገጠ ትራክተሩ ወደ አንድ ወገን ይጎትትና ተሳቢው ያጥፈዋል። ከተጫነ በኋላም መጀመሪያ በሜዳ ላይ በዝግታ ሄዶ ፍሬኑን መፈተን ያስፈልጋል።

ቁልቁለት ከመጀመሩ በፊት ያንኑ መንገድ ወደ ላይ ለመውጣት የሚያስፈልገውን ከባድ ማርሽ ማስገባትና እስከ ታች በዚያው መውረድ ተገቢ ነው። መሐል ላይ ማርሽ መቀየር፣ ፍሪሲዮን ረግጦ መውረድ ወይም ናፍጣ ለመቆጠብ ሾፌሮች “ፎሌ” በሚሉት ነጻ ማርሽ መልቀቅ ሞተሩ የሚሰጠውን የመያዝ ኃይል ያሳጣል። በአራቱም ጎማ መነዳት የሚችል ትራክተር ከሆነ ቁልቁለት ላይ የፊቱንም ማስገባት የፊት ጎማዎች አብረው እንዲይዙ ያደርጋል። ሲመሽ የሚጓዝ ተሳቢ ደግሞ ከኋላው የሚታይ መብራት ወይም አንጸባራቂ ያስፈልገዋል።

በተለይ መኸር በሚሰበሰብበት በዚህ ወቅት የጉልበት ሠራተኞችና ገበያተኞች በጆንያ ክምር ላይ ተቀምጠው ሲጓዙ ይታያል። የጭነት ተሳቢ መቀመጫም መያዣም የለውም። ፍሬን በድንገት ሲያዝ ክምሩ ይንሸራተታል፤ ተሳቢው ሲገለበጥም በላዩ ያለ ሰው ከጭነቱ ሥር ነው የሚውለው።

ጭነት መቀነስ ምልልስ እንደሚጨምርና ምልልስም ናፍጣ እንደሚጠይቅ ግልጽ ነው። በምሳሌያችን ትራክተር 100 ኩንታል እህል ለማጓጓዝ 50 እየጫኑ ሁለት ጊዜ ይበቃል፤ በልኩ ከተጫነ ግን ሦስት ጊዜ መመላለስን ይጠይቃል። ባለንብረቱ ማነጻጸር ያለበት የዚህችን የሦስተኛ ምልልስ ናፍጣ በአንድ በኩል፣ ዕዳው ገና ያላለቀ ትራክተርንና የሾፌሩን ሕይወት በሌላ በኩል አድርጎ ነው።