አሰብ ከጦርነቱ በፊት፦ የነዳጅ ማጣሪያው መዘጋት ኢኮኖሚያዊ መነሻዎች

የአሰብ ከተማ ኢኮኖሚ መዳከም ሲነሣ ዘወትር የሚጠቀሰው ምክንያት እ.ኤ.አ. በሜይ 1998 የተቀሰቀሰው የኢትዮጵያና የኤርትራ ጦርነት ነው። ስለ ወደቡ ከሆነ አባባሉ ትክክል ነው። የከተማዋ ትልቁ የኢንዱስትሪ ተቋም የነበረው የነዳጅ ማጣሪያ ግን ሥራ ያቆመው ቀደም ብሎ፣ በ1997፣ ሁለቱ አገሮች ገና በሰላም ሳሉ ነበር። የጊዜው ልዩነት አጭር ቢሆንም የማጣሪያው መዘጋት ምክንያት ከጦርነቱ ውጭ መፈለግ እንዳለበት ያመለክታል።

ሩባቲኖ የተባለው የጣሊያን የመርከብ ኩባንያ በጁሴፔ ሳፔቶ አማካይነት በአሰብ መሬት የገዛው በ1869 ሲሆን፣ በ1882 የጣሊያን መንግሥት ቦታውን ተረከበ። የቅኝ ገዥው ትኩረት ግን ወደ ምፅዋና ወደ አሥመራ በመዞሩ አሰብ ለረጅም ጊዜ ትንሽ የባሕር ዳር ሰፈር ሆና ቆየች። ዕጣዋን የለወጠው በ1930ዎቹ ማብቂያ አካባቢ ወደ ደሴ የተዘረጋው የመኪና መንገድ ነው። መንገዱ ከተማዋን ከኤርትራ ደጋ ይልቅ ከወሎና ከሸዋ ገበያ ጋር አስተሳሰራት። የኋላው ታሪኳ ሁሉ ከዚህ ትስስር የመነጨ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

የማጣሪያው መነሻ በ1959 ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሞስኮን በጎበኙበት ጊዜ የተገኘው የ400 ሚሊዮን ሩብል የሶቭየት ብድር ነው። አሥመራ ላይ የአሜሪካ የቃኘው ጦር ሰፈር በነበረበት ዘመን የአገሪቱ ነዳጅ ማጣሪያ በሶቭየት ባለሙያዎች መሠራቱ የዘመኑን ዲፕሎማሲ ጥሩ አድርጎ ያሳያል። ተቋሙ በ1967 ሥራ ሲጀምር በዓመት 500,000 ቶን ገደማ ድፍድፍ ነዳጅ የማጣራት ዐቅም ነበረው።

ችግሩ እዚህ ላይ ይጀምራል። ባሕሩን ተሻግሮ በኤደን በ1954 ሥራ የጀመረው ማጣሪያ ዐቅሙ 5 ሚሊዮን ቶን፣ ማለትም የአሰብ ዐሥር እጥፍ ነበር። በነዳጅ ማጣሪያ ሥራ የጥገና፣ የኃይልና የሠራተኛ ወጪ በምርቱ መጠን ልክ አይቀንስም፤ አነስተኛ ማጣሪያ በእያንዳንዱ ቶን ላይ የሚሸከመው ወጪ ከፍ ያለ ነው። በዚህ ላይ ድፍድፉን በማፍላት ብቻ የሚለይ ቀላል ማጣሪያ ብዙ ከባድ ጥቁር ናፍጣ ይተርፈዋል። የኢትዮጵያ ገበያ በዋናነት የሚሻው ደግሞ ለጭነት መኪናና ለአውቶቡስ የሚሆን ናፍጣ ነው። ትርፉን ጥቁር ናፍጣ በርካሽ ወደ ውጭ መላክ፣ የጎደለውን ናፍጣ ደግሞ መግዛት ያስፈልጋል።

ይህ ድክመት ለብዙ ዓመታት ጎልቶ ያልታየበት ምክንያት አለ። በደርግ ዘመን ድፍድፉ በአብዛኛው የሚመጣው ከሶቭየት ኅብረት፣ ያውም በልዩ የዋጋ ውል ነበር። ስለዚህ ማጣሪያውን አትራፊ ያስመሰለው የራሱ ብቃት ሳይሆን በግብዓቱ ዋጋ ውስጥ የተሸሸገው ድጎማ ነው ማለት ይቻላል። ሶቭየት ኅብረት ስትፈርስ ይህ ከለላ ተነሣ።

ከ1993 በኋላ ሌላ ሸክም ተጨመረ። ማጣሪያው በኤርትራ ግዛት፣ ዋናው ደንበኛ ደግሞ በኢትዮጵያ ሆነ። የኤርትራ የራሷ ፍጆታ ይህን የሚያህል ተቋም ለብቻው ሊያንቀሳቅስ አይችልም ነበር። ለኢትዮጵያም ድፍድፍ ገዝቶ፣ የማጣሪያ ክፍያ ጨምሮ፣ ባረጀ መሣሪያ ከማስጣራት የተጣራውን በቀጥታ መግዛት የሚያዋጣ ሆኖ ተገኘ። በኖቬምበር 1997 ናቅፋ ሥራ ላይ ሲውል የሁለቱ አገሮች ንግድ በውጭ ምንዛሪ ይካሄድ መባሉ ወደቡንም ለተመሳሳይ ጥያቄ አጋለጠው። ጦርነቱ ሲነሣ ወደ ደሴ የሚወስደው መንገድ ተዘጋ፤ በወደቡ ሥራ ይተዳደሩ የነበሩ በርካታ ኢትዮጵያውያንም ከተማዋን ለቀው ወጡ። የኢትዮጵያ የነዳጅ ቦቴዎች መነሻቸውን ጅቡቲ ሲያደርጉ የሚጭኑት ውጭ ተጣርቶ የመጣ ምርት ነበር፤ እስከ ዛሬም እንዲሁ ነው።