የኮሪያ ሲኒማ መቶኛ ዓመት ከሐሮ ወንጪ አፋፍ ሲታይ

እ.ኤ.አ. 2019 ለኮሪያ ሲኒማ የልደት ዓመት ነበር። ኦክቶበር 27 ቀን 1919 ሴኡል ውስጥ ዳንሶንግሳ በተባለው ቲያትር ቤት የታየው ሥራ የአገሪቱ የመጀመሪያ ፊልም ተብሎ ስለሚቆጠር፣ መቶኛው ዓመት በክብር ተከበረ። ልደቱን ያደመቀው ግን ድግሱ ሳይሆን በዚያ ዓመት የሆነው ነው።

ዓመቱ በሳቅ ጀመረ። ወንጀለኞችን ለመሰለል ሲሉ የዶሮ ጥብስ ቤት የከፈቱ መርማሪ ፖሊሶች፣ ጥብሳቸው እንደ ጉድ ተፈልጎ ሥራቸውን ሲያስረሳቸው የሚያሳየው «ኤክስትሪም ጆብ» ከ16 ሚሊዮን በላይ ትኬት ሸጠ፤ ሕዝቡ 51 ሚሊዮን ገደማ በሆነ አገር። በሜይ ወር የቦንግ ጁን ሆ «ፓራሳይት» የካን ፊልም ፌስቲቫልን ከፍተኛ ሽልማት ሲያገኝ ለኮሪያ የመጀመሪያው ሆነ። የዓመቱ ትኬት ተደምሮ ከ226 ሚሊዮን በላይ በመድረሱ ያልታየ ቁጥር ተመዘገበ። ፌብሩዋሪ 9 ቀን 2020 ደግሞ «ፓራሳይት» አራት ኦስካር ወሰደ፤ ከእንግሊዝኛ ውጭ በሆነ ቋንቋ ተሠርቶ የዓመቱ ምርጥ ፊልም ለመባል የበቃ የመጀመሪያው ሥራ ነው።

ፊልሙን ያየ ኢትዮጵያዊ የዝናቡን ሌሊት አይረሳውም። አንድ ዝናብ ነው፤ ከኮረብታው ላይ ላለው ቤተሰብ ጓሮውን የሚያለመልም በረከት፣ ግማሹ ከመሬት በታች በሆነ ቤት ለሚኖረው ቤተሰብ ግን ንብረቱን ጠራርጎ የሚወስድ ጎርፍ። ቦንግ ይህን በንግግር አያስረዳንም። ካሜራው ከላይኛው ሰፈር ተነስቶ ደረጃ ለደረጃ፣ ቁልቁል፣ ውኃው ወደሚወርድበት ድሃውን ቤተሰብ ይከተላል። ክረምት በገባ ቁጥር የወንዝ ዳር ቤቱ የሚያሳስበው የአዲስ አበባ ነዋሪ ለዚህ ትዕይንት አስተርጓሚ አያሻውም።

እኔን ይበልጥ የነካኝ ግን ሌላ ነው። በዚያው ዓመት በኮሪያ ሲኒማ ቤቶች የታየው የኪም ቦራ «ሀውስ ኦቭ ሀሚንግበርድ» በ1994 ሴኡል ውስጥ የምታድግ የ14 ዓመት ልጅ ታሪክ ነው። ቤተሰቧ ሱቅ አለው፣ ወንድሟ ይመታታል፣ የሚያዳምጣት አንዲት አስተማሪ ናት፤ ከዚያም በእውነት የሆነው የሶንግሱ ድልድይ መደርመስ ይመጣል። ጩኸት የለውም። «ፓራሳይት» የኮሪያን ሲኒማ ጉልበት ካሳየን፣ ይህ ጥልቀቱን አሳይቶናል። አንድ ዓመት ሙሉ የሚባለው ሁለቱንም ሲይዝ ነው።

ይህ ሁሉ ከየት መጣ? በ1943 ዓ.ም. ለኮሪያ ጦርነት የዘመተው የእኛው ቃኘው ሻለቃ ጦር ከመርከብ የወረደበት ቡሳን በስደተኛ የተጨናነቀ የጦርነት ከተማ ነበር። ከ120 በላይ ልጆቻችን ለዚያ አገር ወደቁ። ያቺው ቡሳን ከ1996 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ በእስያ ከታወቁት የፊልም ፌስቲቫሎች አንዱን ታስተናግዳለች። በዚያው ዓመት የኮሪያ ሕገ መንግሥት ፍርድ ቤት የፊልም ቅድመ ምርመራ ሕገ መንግሥቱን ይጥሳል ሲል ወሰነ። ከዚያ ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ ለፕሬዚዳንቱ የቀረበ ሪፖርት «ጁራሲክ ፓርክ» ያስገባው ገቢ 1.5 ሚሊዮን የሀዩንዳይ መኪና ከመሸጥ ጋር እንደሚስተካከል ነግሯቸው ነበር። መንግሥት በ1984 ያቋቋመው የፊልም አካዳሚ ቦንግ ጁን ሆን አስመርቋል። ሲኒማ ቤቶች በዓመት 146 ቀን የአገራቸውን ፊልም እንዲያሳዩ የሚያስገድድ ደንብም ነበር፤ በ2006 ወደ 73 ቀን ሲቀነስ ባለሙያዎቹ አደባባይ ወጥተው ተቃወሙ። ከ2007 ጀምሮ ደግሞ ከእያንዳንዱ ትኬት ዋጋ ከመቶ ሦስት እየተቀነሰ ለፊልም ማሳደጊያ ይውል ጀመር። የውጭውን ፊልም ለማየት የሚከፈል ገንዘብ የአገሩን ልጅ ሥራ ይደግፋል ማለት ነው። ከሁሉም የማደንቀው ይህን ነው።

አሁን ወደ አገራችን፣ ወደ ደቡብ ምዕራብ ሸዋ እንመለስ። ከ3,300 ሜትር በላይ ከፍታ ካለው ከሐሮ ወንጪ አፋፍ ላይ የቆመ ሰው ከታች ሐይቁን፣ በደሴቱ ላይ የቂርቆስን ገዳም፣ በገደሉ ወገብ የእንሰቱን ማሳና በቀጭኑ መንገድ የሚወርዱትን ፈረሰኞች በአንድ እይታ ያገኛል። የዓለም ቱሪዝም ድርጅት በ2021 ወንጪን ከምርጥ የቱሪዝም መንደሮች ተርታ አስገብቷታል። ባለካሜራ ሁሉ ይህን መልክዓ ምድር ይወደዋል፤ ግን አብዛኛውን ጊዜ ለማስታወቂያና ለሙዚቃ ቪዲዮ ዳራ ሆኖ ይቀራል። በሐይቁ ዳር የሚኖረው ሰው ታሪክ ገና አልተነገረም።

ተራኪ ጠፍቶ አይደለም። ሐምሌትንና ኦቴሎን አማርኛ ያናገረው ሎሬት ፀጋዬ ገብረመድኅን በ1928 ዓ.ም. የተወለደው እዚሁ አምቦ አጠገብ፣ ቦዳ ነው። ሚሼል ፓፓታኪስ በ1966 ዓ.ም. የሠራው «ጉማ» የደም ካሳንና የእርቅን ሥርዓት ይዞ ሲመጣ፣ ከኦሮሞ ባህል ሙሉ ፊልም እንደሚወጣ አሳይቶ ነበር። ቋንቋም ሰበብ አይሆንም። «ፓራሳይት» በኮሪያኛ ሎስ አንጀለስ ከደረሰ፣ በአፋን ኦሮሞ የተሠራ ጥሩ ፊልም የማይደርስበት ምክንያት አይታየኝም።

የጎደለው ትምህርት ቤቱ፣ አዳራሹና ደንቡ ነው፤ ሦስቱም በሰው ውሳኔ የሚመጡ ናቸው። አምቦ ዩኒቨርሲቲ የፊልም ጽሑፍና የቀረጻ ሥልጠና ቢጀምር፣ የየከተማው አስተዳደር ለስብሰባ ብቻ ከሚከፍተው አዳራሽ በሳምንት አንድ ምሽት ለአገር ፊልም ቢሰጥ፣ ሕግ አውጪዎቻችንም ከትኬቱ ላይ ጥቂት ሳንቲም ለአዲስ ጀማሪዎች እንዲቀመጥ ቢደነግጉ፣ መነሻው ይኸው ነው። ለወንጪ ሎጅና መንገድ የተገኘው ገንዘብ ለአንድ የወንጪ ልጅ ካሜራም ይገኝ።